አለ ብል መረጃ ሰጠሁ፣ የለም ብል ዋሸሁ

ምሥራቅ ጎጃም፣ ሰኔ፤ እርሻ የጠነከረበት ሰሞን። በሬ የተሰረቀባቸው አዛውንት ፖሊስ ጣቢያችን መጥተው ቃላቸውን ሲሰጡኝ ስለ ዋጋው አልተነፈሱም፤ «ልጄ፣ በሰኔ ማን ያቀናጀኛል?» ነው ያሉት። ምልክቱን መዘገብኩ፦ ወይኖ፣ ግንባሩ ቦቃ፣ ግራ ቀንዱ ወደ ታች የወረደ። ለአዋሳኝ ወረዳዎች ደብዳቤ ወጣ።

መልስ ሲጠፋ አዛውንቱን ይዤ ከጎረቤት ጣቢያዎች ወደ አንዱ ሄድኩ።

«ደብዳቤው አልተመራልኝም» አለኝ ተረኛው ሳጅን።

«ደብዳቤውን ተወው። እንዲህ ያለ በሬ ይዛችኋል?»

«ለሌላ ወረዳ በቃል መረጃ አንሰጥም።»

«እኔም እኮ ፖሊስ ነኝ!»

«ገብቶኛል። አለ ብል መረጃ ሰጠሁ፣ የለም ብል ዋሸሁ። ኃላፊው ከስብሰባ ይመለሱ።»

ደሜ ፈላ። አዛውንቱ ግን ክርክራችንን አልጠበቁም፤ ወጣ ብለው «ወይኖ!» ሲሉ ተጣሩ። ከጓሮ በሬው አጓራ።

የሚያንገበግበኝ የሌባው ነገር ነው። በሬውን በሌሊት ወደ ዓባይ በረሃ ሲነዳ ነበር እነሱ የያዙት። ሕገ መንግሥቱ፣ አንቀጽ 19፣ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ስለሚል በሰዓቱ አቅርበውታል፤ ግን የግል ተበዳይ የለም፣ አቤቱታ የለም፣ ጊዜ ቀጠሮ፣ ማለትም ለምርመራ ተጨማሪ ቀን፣ የሚጠይቁበት አጡና ተለቀቀ። አቤቱታው እኛ ጋ፣ ተጠርጣሪው እነሱ ማረፊያ ቤት! አዛውንቱ በሬውን እየነዱ «ሌባውስ ቤቴን ያውቀዋል» ሲሉኝ መልስ አጣሁ።

ሳጅኑን ክፉ አልለውም። ቀደም ሲል በስልክ የሰጠው መረጃ ለተጠርጣሪ ዘመድ ሾልኮ በግምገማ ተጠይቆበታል። ዘመድ የማይደርስበት ጣቢያ የለም፤ ፍርሃቱ እውነት ነው። ግን የጠቋሚ ስምና የበሬ ቀለም እኩል ምስጢር ናቸው እንዴ? የጠቋሚው በእሽግ ደብዳቤ ይሂድ፣ እስማማለሁ። የከብት ምልክት ግን ማኅተም ሲጠብቅ ከብቱ በረሃ ይወርዳል።

አሁን ቃል ተቀብዬ እንደጨረስኩ ለአዋሳኞቹ ተረኞች እደውላለሁ፤ ቀለሙን፣ ቀንዱን፣ የጆሮ ምልክቱን እነግራለሁ፤ ስልኩን ማን እንዳነሳና በስንት ሰዓት እንደሆነ የዕለት ሁኔታ መዝገብ ላይ አሰፍራለሁ። ደብዳቤው በኋላ ይድረስ። ብዙዎቹ ያኔውኑ ይመልሱልኛል። ከዚያ ጣቢያ ግን ዛሬም የማገኘው መልስ «በደብዳቤ አድርጉት» ነው፤ እሱንም ከነሰዓቱ መዝግቤዋለሁ።