የሞተሬን ሾክ በሜትር የለካሁበት ቅዳሜ

ሐዋሳ ውስጥ ሞተር የሚነዳ ሰው ከዋናው አስፋልት ወጥቶ ወደ ሰፈሩ ሲታጠፍ ብዙውን ጊዜ የሚቀበለው ኮብልስቶን ነው። እኔም ጠዋትና ማታ የምመላለሰው በዚሁ ድንጋይ ላይ ሲሆን፣ ባለፈው ክረምት የሞተሬ የኋላ ጎማ ድንጋዩን ይዞ መሄዱን ትቶ ይዘል ጀመር። አንድ ቀን ጠዋት ካፊያ ባራሰው ኮብልስቶን ላይ የኋላ ፍሬን ስረግጥ ጎማው ተቆልፎ ሞተሩ ወደ ጎን ተንሸራተተ። አልወደቅሁም፤ ነገር ግን እግሬ መንቀጥቀጡን እስኪያቆም ድረስ መንገድ ዳር ቆሜያለሁ።

ነገሩ የጀመረው ከዚያ ሁለት ወር ቀደም ብሎ ነው። ይርጋለም ለምትኖረው እናቴ ግማሽ ኩንታል ጤፍ ጭኜ ስሄድ ሞተሩ ከኋላ እየተቀመጠብኝ፣ መሪውም እየቀለለኝ ስለተቸገርኩ ለአንድ መካኒክ አሳየሁት። እርሱም «ወንድሜ፣ ሾክህ ለስልሷል፤ አጠንክሬልሃለሁ» አለና ጫፏ እንደ ማጭድ በጎበጠች ቁልፍ የሁለቱንም የኋላ ሾኮች (የመንገዱን ንዝረት የሚያለዝቡትን ባለሞላ ዘንጎች) የሞላ መጫኛ ቀለበት መጨረሻው፣ ማለትም አምስተኛው እርከን ላይ አደረሰው። ጤፉን ይዤ ስሄድ በእርግጥ ተሻለኝ። በቀሩት የሳምንቱ ቀናት ግን በዚያ ሞተር ላይ የሚቀመጠው 58 ኪሎ የምመዝነው እኔ ብቻ መሆኔን ሁለታችንም አላሰብነውም።

ከመንሸራተቱ በኋላ በነበረው ቅዳሜ ከታናሽ ወንድሜ ጋር ግቢያችን ውስጥ ሜትር ይዘን ተቀመጥን። በመጀመሪያ ሞተሩን በመሃል ማቆሚያው አቁመን የኋላ ጎማው አየር ላይ እንዲንጠለጠል አደረግንና፣ ከጎማው አክስል ማሰሪያ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ፣ በጭራው ላይ በጠመኔ እስካሰመርነው ምልክት ድረስ ያለውን ርቀት ለካን፤ 560 ሚሊሜትር ሆነ። ቀጥሎ ሞተሩን ባዶውን መሬት ላይ አሳርፈን፣ በመጨረሻም እኔ ሄልሜቴንና ጃኬቴን ለብሼ፣ ሁለቱንም እግሬን መርገጫው ላይ አድርጌ በትከሻዬ ግድግዳ ነካ እያደረግሁ ተቀምጬ ለካን። ከመለካቱ በፊት ሞተሩን ሁለት ሦስት ጊዜ ጫን ለቀቅ ማድረግ ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ ሾኩ በሰበቃ ተይዞ የተሳሳተ ቁጥር ይሰጣል።

አምስተኛው እርከን ላይ እኔ ስቀመጥ 560 የነበረው ርቀት 546 ሆነ፤ ማለትም ሞተሩ የወረደው 14 ሚሊሜትር ብቻ ነበር። የኋላ ጎማዬ ከላይ እስከ ታች የሚንቀሳቀሰው ወደ 100 ሚሊሜትር ገደማ ሲሆን፣ በልምድ የሚመከረው ደግሞ ነጂው ሲቀመጥ ከዚህ ውስጥ ሲሶው ወይም ከሲሶው ትንሽ አነስ ያለው እንዲወርድ ነው። ምክንያቱ ጎማው ጉብታ ሲያገኝ ወደ ላይ መግባት እንደሚኖርበት ሁሉ፣ ጉድጓድ ሲያገኝም ወደ ታች ተዘርግቶ መሬቱን መከተል ስላለበት ነው። የእኔ ጎማ ግን ወደ ታች የሚዘረጋበት 14 ሚሊሜትር ብቻ ስለቀረው በሁለት ድንጋዮች መካከል ባለው ክፍተት ላይ አየር ላይ ይቀር ነበር፤ መሬት ያልነካ ጎማ ደግሞ ፍሬን ሲነካው ወዲያው ይቆለፋል።

ቀለበቱን ወደ ሁለተኛው እርከን መልሰን ስንለካ 27 ሆነ። ወንድሜ በዚህ አልተወውም፤ ጤፉንም እንጫነውና እንየው አለ። እኔንና ግማሽ ኩንታሉን ይዞ ሞተሩ በሁለተኛው እርከን 42፣ በአምስተኛው 29 ሚሊሜትር ወረደ። ቁጥሮቹን ደብተር ላይ ጎን ለጎን ስንጽፋቸው ግን ለረጅም ጊዜ ተሳስቼ የኖርኩበት ነገር ገባኝ፦ 50 ኪሎው ጤፍ ሞተሩን ዝቅ ያደረገው በሁለቱም እርከን በእኩል መጠን፣ በ15 ሚሊሜትር ነው። ቀለበቱ ሞላውን አላጠነከረውም። ሞላው የተሠራበት ሽቦ ውፍረትና የጥምዝምዙ ብዛት ስላልተለወጠ ጥንካሬውም ያው ነው፤ ቀለበቱ የሚያደርገው ሞላውን አስቀድሞ ጨመቅ አድርጎ ሞተሩ የሚቆምበትን ከፍታ መለወጥ ነው። ስለዚህ «አጠንክርልኝ» የሚለው የጋራዥ አነጋገራችን ብዙ ሰው ያሳስታል ብዬ አምናለሁ። ሲቀመጥ የምናየው ሞተር ዝቅ ካለበት ከፍ እንዲል እንጂ፣ ከአቅሙ በላይ የተጫነ ሞላ በቀለበት ብርታት እንዲያገኝ መጠበቅ አይገባም። ለዚያ ሞላው ራሱ በወፍራም ሞላ መለወጥ፣ ወይም ጭነቱ መቀነስ አለበት።

ባዶውን የለካነውም ቁጥር ጥቅም አለው። አምስተኛው ላይ ሞተሩ በራሱ ክብደት የወረደው 2 ሚሊሜትር ብቻ ነው። አንድ ነጂ ትክክለኛውን ቁጥር ለማግኘት ሲል ባዶው ሞተር ጨርሶ የማይወርድበት እርከን ላይ ከደረሰ፣ ሞላው ለእርሱ የላላ ነው ማለት ነው።

ያረጀ ሾክ ግን በቀለበት አይድንም። ሞተሩን ከኋላ ተጭኖ ሲለቁት አንድ ጊዜ ተመልሶ የሚረጋ ከሆነ በውስጡ ያለው ዘይት ሥራውን እየሠራ ነው፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ከተወዛወዘ ወይም ዘንጉ ላይ አቧራ የያዘ ቅባት ከታየ ግን ሾኩ መታየት አለበት። ደግሞም የሁለቱ ሾኮች እርከን እኩል መሆኑን በዓይን ማረጋገጥ ተገቢ ነው።

አሁን ቅዳሜ ጠዋት ጤፉን ከመጫኔ በፊት ሁለቱንም ቀለበቶች ሦስት ሦስት እርከን አወጣለሁ፤ ስመለስም መልሼ አወርዳቸዋለሁ። ጆንያውን ፖርቶ መጋላው (ከኋላ ያለው የዕቃ መጫኛ) ጫፍ ላይ ከማሰር ይልቅ ወደ መቀመጫው አስጠግቼ አስረዋለሁ፤ ምክንያቱም ከአክስሉ ወደ ኋላ ያለፈ ክብደት የፊት ጎማውን ያነሣል። ከጫንኩ በኋላ የካቴናውን ልልነት፣ በመወዛወዣው ክንድ ላይ በተለጠፈው ምልክት መሠረት የኋላ ጎማውን ንፋስ፣ ከመሸም የፊት መብራቱ ወደ ላይ ቀና አለማለቱን አያለሁ፤ ከኋላ የተቀመጠ ሞተር መብራቱን ከፊት የሚመጣው ሾፌር ዓይን ላይ ያበራልና።

84 ኪሎ የሚመዝነው ወንድሜ ሞተሩን ሲዋስ ደግሞ ሦስተኛው እርከን ላይ ያደርገዋል፤ በሁለተኛው 32፣ በሦስተኛው 28 ሚሊሜትር መውረዱን ለክተን በዚያው ደብተር ላይ፣ ከእኔ ቁጥር ሥር ጽፈነዋል።