ቢሾፍቱ ሄዶ ሐይቁን ሳያዩ መመለስ

እኛ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ለምንኖር ሰዎች ቢሾፍቱ ጎረቤት ናት። መንገድ በተጨናነቀበት ሰዓት ፒያሳ ከመድረስ ቢሾፍቱ መግባት ይቀለናል። ታዲያ ጓደኞቼ ደርሰው ሲመጡ የሚያሳዩኝ ፎቶ ሁሌም አንድ ነው፤ የሪዞርት መዋኛ ገንዳ። "ሐይቁስ?" ስላቸው "ከሩቅ አይተነዋል" ይሉኛል። ይሄ ነገር ከልቤ ስለሚቆጨኝ ነው የምጽፈው።

ባለፈው መስከረም መጨረሻ አክስቴን ይዣት ሄድኩ። እቴቴ ከተማዋን የምታውቃት ደብረ ዘይት እያለች ነው፣ ከሄደችም ብዙ ዓመት ሆኗታል። ፈጣን መንገዱን ትተን በአሮጌው መንገድ፣ በዱከም በኩል አለፍን። ሜዳው በአደይ አበባ ቢጫ ሆኗል፣ ጤፉም ገና አረንጓዴ ነው። የዱከም ስጋ ቤቶች በጠዋት ሙዳቸውን ሰቅለው ነበር፤ ለመልስ አቆየናቸው።

ከተማው ውስጥ ወርደን በእግር ስንሄድ እቴቴ ግራ ቀኝ እያየች "አንተ ልጅ፣ ሐይቁ የታለ?" አለችኝ። እውነቷን ነው፣ አይታይም። የቢሾፍቱ ሐይቆች ከከተማው ወለል በታች ነው የተኙት። በጥንት ዘመን ከምድር ስር የወጣ ቅልጥ አለት ከከርሰ ምድር ውሃ ጋር ተገናኝቶ መሬቱን አፈነዳው፣ የቀረው ጉድጓድ ደግሞ ውሃ ሞላው። ስለዚህ አፋፉ ላይ እስክትደርሱ ድረስ ቤትና ዛፍ ብቻ ነው የምታዩት። እኛም ጥቂት እርምጃ ተራመድን፣ መሬቱ ድንገት አለቀ፣ እና ቢሾፍቱ ሐይቅ ከእግራችን ስር ቁልቁል ተዘረጋ። ጠዋት ስለነበር ነፋስ አልነካውም። ወዲያ ማዶ ያለው ገደል ከነዛፉ ውሃው ውስጥ ተገልብጦ ይታያል። እቴቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ዝም አለች። ቆይታ "ይሄ ሁሉ ውሃ እዚህ ተቀምጦ ነው?" አለች።

ለዚህ ነው በጠዋት ሂዱ የምለው። ረፋዱ ላይ ነፋስ ይነሳል፣ ሙዚቃውም ይከፈታል። አፋፉ ላይ ቁጭ ብላችሁ አንድ ቡና ጠጡ፣ ሌላ ምንም አያስፈልግም። ለመዋኘት ግን አትድፈሩ። ሐይቁ ከ80 ሜትር በላይ ጥልቀት አለው፣ ከዳሩም ወዲያው ነው የሚጠልቀው።

ከዚያ ባጃጅ ይዛችሁ ወደ ሆራ ሐይቅ ውጡ፣ ዋጋውን ሳትነጋገሩ ግን አትሳፈሩ። ሆራ አርሰዲ ከመስቀል በኋላ ባለው እሁድ ኢሬቻ የሚከበርበት ነው። ሕዝቡ እርጥብ ሳርና አበባ ይዞ ውሃው ዳር ወርዶ ፈጣሪውን ያመሰግናል። በዚያ ቀን ለመዝናናት ብቻ ብላችሁ አትሂዱ፣ በዓሉን ለማየትና ለማክበር ከሆነ ግን በሌሊት ተነሱ። በሌላው ቀን ጸጥ ያለ ቦታ ነው፣ ወፍ ለሚወድ ሰው ደግሞ ሰዓቱ የት እንደሄደ አይታወቀውም።

ባቦጋያ ሐይቅ ዙሪያውን በሎጅና በግል ቤት ታጥሯል። አንዱ በር ላይ "ውሃውን አይተን እንውጣ" ብለን ብንጠይቅ የሙሉ ቀን መግቢያ ክፈሉ አሉን። አልከፈልንም። ሐይቅ ለማየት በአጥር ቀዳዳ ማጮለቅ ያማል፣ በተለይ ትልቅ ሰው ይዞ። ከተማዋ ለእግረኛ የሚሆን የሐይቅ ዳር መንገድ ብትሠራ ስንት ቤተሰብ በነጻ ይደሰት ነበር!

ጊዜ ካላችሁ ከከተማው ወጣ ብሎ አረንጓዴ ሐይቅ አለ። ስሙን ያገኘው ውሃው ውስጥ ከሚበቅለው ስፒሩሊና ከሚባል ደቂቅ ነገር ነው፣ ፍላሚንጎዎችም እሱን ፍለጋ ይመጣሉ። ውሃው ጨውማ ነው፣ አካባቢው የገበሬ ማሳ ነው፣ ሻይ ቤት እንኳ ስለሌለ ውሃችሁን ያዙ።

ምሳ አሳ ብሉ። እኛ ጥብስ ነው ያዘዝነው። ቆሮሶው ሙሉውን፣ ጎኑ በቢላ ተተልትሎ፣ ዳሩ እስኪንኮሻኮሽ ተጠብሶ ከዳጣና ከሎሚ ጋር መጣ። እቴቴ ጭንቅላቱን አላስነካችኝም።

ዝቋላን ለብቻው ቀን ስጡት። 2,989 ሜትር ከፍታ ያለው ተራራ ነው፣ አናቱ ላይ ገዳሙና ሌላ ሐይቅ አለ፣ ጫካው ውስጥ ጉሬዛ ይዘላል። ጥቅምት 5 እና መጋቢት 5፣ በአቦ ንግሥ፣ ሽቅቡን በእግሩ የሚወጣው ምእመን ብዙ ነው። ስንመለስ ዱከም ላይ ስጋ ገዝተን መኪና ስንጠብቅ እቴቴ ወደ ተራራው ዞር ብላ በእጇ አሳየችኝ። "ለመጋቢት አቦ እዚያ ትወስደኛለህ" አለች። ካሁኑ ጠዋት ጠዋት ከሰፈራችን ተነስታ እስከ ዋናው አስፋልት በእግሯ መሄድ ጀምራለች።