ሰላጣ የሌለበት ሰላጣ

ቅዳሜ። የሐምሌ መጨረሻ። ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ደጃችን ላይ ተቀምጧል። ከመስኮቴ ፊት ለፊት ያለው የጎረቤት ጣሪያ እንኳ አይታይም። ከጠዋት ጀምሮ ሆዴን ባር ባር ይለኛል። ምክንያት የለውም። ደሴ የኖረ ሰው ያውቀዋል። ሐምሌ ላይ ሰው በባዶ ሜዳ ይከፋዋል፤ ጉሙ ሲገለጥ ደግሞ በባዶ ሜዳ ደስ ይለዋል።

መብራት የለም። ለአንድ ነፍስ ብዬ ከሰል ማቀጣጠል ግፍ መሰለኝ። መደርደሪያውን ሳይ ዓይኔ ቱናዋ ላይ አረፈ። አንዲት ልጅ ከአዲስ አበባ ስትመጣ ያመጣችልኝ ናት። «ሲቸግርሽ ትበያታለሽ» ብላኝ ነበር። ይኸው ቸገረኝ።

ደግሞም ፍልሰታ ሊገባ ጥቂት ቀን ነው የቀረው። ከገባ በኋላ ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ከእናቴ ጋር እንደ አዲስ መጀመር አልፈልግም። እሷ ጋ መልሱ አንድ ነው፤ «ዓይን ያለው ሁሉ ፍስክ ነው።» ድንችም ዓይን አለው ብላት በሳቅ ታልፈኛለች እንጂ ፍርዷን አታነሳም። ስለዚህ ቱናዋ የዛሬ ናት።

ጣሳዋ ግን የሚሳብ ቀለበት የላትም። መክፈቻ አለኝ ብዬ መማል እችል ነበር። መሳቢያውን ሦስት ጊዜ ገለበጥኩት። አምና ሰው የጠረጠርኩበትን የሳጥን ቁልፍ አገኘሁ። (ይቅርታ መጠየቅ አለብኝ።) ያለቀ ባትሪ አገኘሁ። መክፈቻ የለም።

አንድ ጊዜ ያነበብኩት ትዝ አለኝ። ምግብን በቆርቆሮ ጣሳ ማሸግ እንግሊዝ አገር የባለቤትነት መብት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1810 ነው። ለዚህ ተብሎ የተሠራ መክፈቻ የመጣው ግን በ1850ዎቹ ነው። አርባ ምናምን ዓመት! መጀመሪያ ቆለፉት፣ ከዚያ ቁልፉን አሰቡበት። በመሃል ያለው ሰው መሮና መዶሻ ይዞ ምሳውን ሲፈለፍል ኖረ ማለት ነው። እኔም ወደ 1810 ተመለስኩ። ጫፉ የተሰበረውን ቢላ ክዳኑ ላይ አቆምኩና በቡና ዘነዘና ቀጠቀጥኩት።

እትዬ ዘ. ከታች ተጣሩ።

«ምን ሆንሽ ልጄ? ቤቱን እያፈረስሽው ነው እንዴ?»

«ጣሳ እየከፈትኩ ነው እትዬ!»

«ጣሳ? አጂብ ነው! ለዚህ ሁሉ ምን አለበት ውስጡ?»

«ዓሣ!»

ዝም አሉ። ሦስተኛው ምት ላይ ዘይቱ ፊጭ ብሎ ሹራቤ ላይ አረፈ። ግራጫው ሹራብ። አበቃለት።

ሰላጣውን በተመለከተ ግን አትሙኝ፤ እዚህ ላይ አልቀልድም። ብዙ ሰው ቱና ሰላጣ ሲሠራ ውሃ በውሃ ያደርገዋል። ጥፋተኛው ቲማቲሙ ነው። ፍሬውንና ውሃውን በማንኪያ አውጥቶ ሥጋውን ብቻ መክተፍ ነው። ሽንኩርቱ ደግሞ ስስ ሆኖ ተቆርጦ፣ በጨውና በሎሚ ታሽቶ፣ ትንሽ መቆየት አለበት። መጀመሪያ ያለቅሳል፣ ከዚያ ይለሰልሳል፣ ሐምራዊነቱ ወደ ሮዝ ይሄዳል። ያኔ ብቻ ነው ለሰው አፍ የሚሆነው። አንድ ቃሪያ፣ ፍሬዋ ወጥቶ። ማዮኔዝ መግዛት ካቆምኩ ቆይቻለሁ። በእሱ ፋንታ ከእናቴ ቤት የመጣ ሰናፍጭ አለኝ። አንድ ማንኪያ ሰናፍጭ በዘይትና በሎሚ ሲመታ አፍንጫ ይከፍታል። ከማዮኔዝ ይሻላል ብዬ በድፍረት እናገራለሁ፤ የማይስማማ ሰው ቀምሶ ይምጣ።

ሰላጣ ግን የለኝም። ቅጠሉን ማለቴ ነው። አማርኛችን ቅጠሉንም ምግቡንም ሰላጣ ብሎ ስለሚጠራቸው ሰላጣ የሌለበት ሰላጣ ሠራሁ ማለት ነው።

ቱናውን ዘይቱ እንዲንጠፈጠፍ ማጥለያ ላይ ገልብጬ እቃ ማጠቢያው ጋ አስቀመጥኩት። ዳቦ ቆረጥኩ። ጣሳዋን ልጥል ስል አገላበጥኳት። የታይላንድ ናት። እዚህ አጠገባችን፣ 30 ኪሎ ሜትር ሳንሄድ፣ ሐይቅ ቁጭ ብሏል። የቆሮሶ ዓሣ አገር። እኔ ደግሞ ውቅያኖስ ተሻግሮ የመጣ ዓሣ በዘነዘና እቀጠቅጣለሁ። እሺ፣ ይሁን። ጣሳዋ ክብ ናት። ከክብ ጣሳ ምን ይሠራል? ብዬ አሰብኩ። መኪና አይሠራም።

መኪና የሚሠራው ከሰርዲን ጣሳ ነው።

ይኼን ካሰብኩ በኋላ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። አባዬ የአሰብ መንገድ ሾፌር ነበር። ፊያት ኤንትሬ የጭነት መኪና ከነተሳቢው። ያን ጊዜ ደሴና ኮምቦልቻ የወደብ ጎረቤት የሆኑ ይመስሉ ነበር። ባሕሩ ሩቅ ነው፤ ግን የባሕሩ ዕቃ ሁሉ በዚህ ያልፋል። ከአሰብ ተነስቶ፣ የአፋርን በረሃ አቋርጦ፣ ሚሌን አልፎ፣ በባቲ ኮምቦልቻ ይደርሳል። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ደግሞ ሐረጎ አለ። ከ1,850 ሜትር ገደማ ወደ 2,500 ሜትር ገደማ የሚወጣ ዳገት። አባዬ «በረሃው አያስፈራኝም፤ ሐረጎ በጉም ነው የሚያስፈራኝ» ይል ነበር። ዛሬ እንዳለው ዓይነት ጉም መሆን አለበት።

ማታ ነው የሚገባው። መኪናው ሰፈራችን ስለማይገባ ዋናው መንገድ ላይ አቁሞ በእግሩ ይመጣል። ከበሩ ቀድሞ የሚገባው ሽታው ነው። ናፍጣ፣ አቧራ፣ ላብ። ለእናቴ ጨው በከረጢት ያመጣል። ለእኔ የሰርዲን ጣሳ መኪና።

ያቺን መኪና አሁንም መሥራት የምችል ይመስለኛል። የሰርዲን ጣሳ አራት ማዕዘን ናት። ከክዳኗ ጋር ትንሽ ቁልፍ ትመጣለች። ቁልፏን ስታዞሯት ቆርቆሮው እንደ ሰሌን ይጠቀለላል። አባዬ እስከ መጨረሻው አይጠቀልለውም። ሩብ ያህል ሲቀር ይተወዋል። ያ ጥቅልል ጋቢናው ነው። የቀረው ጭነት መጫኛው። አራት ቆርኪ በምስማር ተበስቶ ጎማ ይሆናል። አክሰሉ ሽቦ ነው። ጠርዙ እንዳይቆርጠኝ ዙሪያውን በድንጋይ ቀጥቅጦ አጥፎታል። ፊት ለፊት ክር። ብዙ ጊዜ ታጥቦም ዓሣ ዓሣ ይላል።

እኔ ደግሞ ጓሮ ሄጄ ከጭቃ ሐረጎን እሠራለሁ። ጠጠር እጭናለሁ። ሴት ልጅ መኪና ትነዳለች ወይ የሚል የሰፈር ልጅ ነበር፤ እሱን ተሳቢ አደረግኩት። (ዛሬ ትልቅ ሰው ሆኗል። ስሙን አልጠራም። ራሱን ያውቃል።)

የመጀመሪያዋን መኪና የሰጠኝ ቀን በደንብ ትዝ ይለኛል።

«ዓሣውስ?» አልኩት።

«በላሁት።»

«ይጣፍጣል?»

«በጣም!»

ይኼው ነው። ከዚያ ወዲህ ሠላሳ ምናምን ዓመት ጭንቅላቴ ውስጥ አንድ ሥዕል አለ። አባዬ ሚሌ አካባቢ መኪናውን አቁሟል። ጥላ የለም፤ ያለው ጥላ የተሳቢው ነው። ጎማና ጎማ መሃል ገብቶ ተቀምጧል። ሰርዲኑን በቁልፏ ከፍቶ፣ በደረቀ ዳቦ እየጠቀሰ፣ ብቻውን ይበላል። ዘይቱ በጣቱ ይወርዳል። ሲጨርስ ጣሳዋን አይጥላትም። እኔን ያስባል። ሥዕሉን ማንም አልሰጠኝም፤ ራሴ ነኝ የሣልኩት። ግን በጣም ስለቆየ አብሬው የነበርኩ ያህል ነው የማምነው። ሲከፋኝ አወጣዋለሁ። ብቻዬን ስበላ በተለይ።

በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ መጣና የአሰብ መንገድ ተዘጋ። አባዬም እንደ ሌላው ሾፌር ፊቱን ወደ ጅቡቲ አዞረ። ከዚያም ዕቃ ይመጣ ነበር፤ ጨርቅ፣ ሳሙና፣ አንዴ እንዲያውም ቴፕ። የሰርዲን መኪና ግን አልመጣም። እኔም አድጌ ነበር መሰለኝ። ለምን ቀረ ብዬ አልጠየቅኩም። አንዳንድ ጥያቄ ሰው በሕይወት እያለ አይመጣም። መልስ የሚሰጥ ሲጠፋ ነው ከች የሚለው።

የሚጠየቅ ሰው ግን አለ። እናቴ ጋ ደወልኩ። ብርዱ አጥንቴን በላው ብላ ኮምቦልቻ ከወረደች ወዲህ ሐምሌ ላይ ስደውልላት ሁሌ እንደተጀነነች ነው።

«ጉም ነው አይደል?» አለች፣ ሰላምታ እንኳ ሳታስቀድም። «እኛ ጋ ፀሐይ ነው።»

«እማ፣ አባዬ ሰርዲን በጣም ይወድ ነበር አይደል?»

«ምን?»

«ሰርዲን። የጣሳ ዓሣ።»

ሳቀች። እንዲህ ስትስቅ ከሰማኋት ቆይቻለሁ።

«አባትሽ? ዓሣ? አንቺ ልጅ ጤነኛ ነሽ? ሐይቅ ከተማ ሠርግ ተጠርተን ዓሣ ሲቀርብ አፍንጫውን ይዞ ከድንኳን የወጣ ሰው እኮ ነው! በሰው ፊት አዋርዶኝ! ሽታው ያስመልሰው ነበር።»

«ታዲያ የሰርዲን መኪናዎቹ?»

«የምን መኪና?»

አስረዳኋት። ቆርኪውን፣ ሽቦውን፣ ጋቢናውን። እሷ አታስታውስም። ቤቱ ውስጥ የዓሣ ሽታ እንደነበር ግን ታስታውሳለች፤ እኔን ነበር የምትጠረጥረው።

«ረዳቱ በልቶት ይሆናላ» አለች። «ወይ ባዶውን ከሆቴል ደጃፍ ለቅሞት ይሆናል። እኔ መንገድ ላይ አብሬው ነበርኩ?»

«እሱስ ምን ይበላ ነበር?»

«በሶ እቋጥርለታለሁ። ግማሹ ይመለሳል። ‹ለምን አልበላህም?› ስለው ‹መንገድ ላይ በልቻለሁ› ነው የሚለኝ።»

«ምን በልቶ?»

«እኔ ምን አውቄ? በልቻለሁ ካለ በልቷል።»

ሁለታችንም ትንሽ ዝም አልን። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር። ከዚያ እናቴ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

«አንቺስ ምሳ በላሽ?»

ሳህኑን አየሁት። ባዶ ነው። ዳቦውም አልቋል። እያወራን ሳላስተውለው ጠርጌዋለሁ።

«በላሁ» አልኳት። «ቱና።»

«ብቻሽን?»

«ምሳ ነው እኮ እማ፣ ሰርግ አይደለም።»

ስለ ሽንብራ ዱቄት ጥቂት አወራን፤ ሰው ሲገኝ ትልክልኛለች። ዘጋሁት። ሥዕሌን ላስተካክለው ሞከርኩ። ተሳቢው አለ፤ ጥላው አለ። ሰርዲኑን ከአባዬ እጅ ወስጄ ለረዳቱ ሰጠሁት። ረዳቱ ፊት የለውም፤ አላውቀውም። አባዬን የት ላስቀምጠው? ሽታውን ሸሽቶ ራቅ ብሎ ፀሐይ ላይ ይቆማል? ልጁ እስኪጨርስ ጣሳዋን ይጠብቃል? እሱ የማይነካትን ጣሳ አጥቦ፣ ቀጥቅጦ፣ ጠርዟን አጥፎ? «በጣም!» ያለኝ ድምፁ ግን አልተለወጠም። ያው ነው። ያኔም አመንኩት፣ አሁንም አምነዋለሁ፤ ምኑን እንደማምነው ግን ግራ ገባኝ።

ሳህኑን ላጥብ ተነሳሁ።

ቱናው ማጥለያው ላይ ነው። ሙሉው። እንዳስቀመጥኩት። ዘይቱ በደንብ ተንጠፍጥፏል፤ ከዚህ በላይ የተንጠፈጠፈ ቱና ደሴ ውስጥ አይገኝም። እኔ የበላሁት ቲማቲምና ሽንኩርት በዳቦ ነው። ሰላጣ የሌለበት ሰላጣ ብዬ በራሴ ቀልድ ስስቅ ቱናም አልነበረበትም። ሹራብ አበላሽቼ፣ ቢላ ቀጥቅጬ፣ ጎረቤት አስደንግጬ።

ማንኪያ ይዤ ማጥለያው ላይ እንደቆምኩ እትዬ ዘ. ከታች ተጣሩ።

«ተከፈተልሽ ወይ ያ ነገር?»

«ተከፍቷል እትዬ! በላሁትም!»

«ይጣፍጣል?»

«በጣም!» አልኳቸው።