ከአቃቂ ወደ ዱከም፦ በድንጋይ ውስጥ ውሃ ፍለጋ

«ወርቅ ነው የምትፈልጉት?» አለን የካባው ኃላፊ። ውሃ ነው ስንለው ሳቀ። «ውሃማ ከሥር ነው ያለው፣ አዲስ አበባ የሚጠጣው» ብሎ ወደ አቃቂ ጉድጓዶች ጠቆመን። ልክ ነው፤ ያ ግን በስንጥቅና በቀዳዳ የሰረገ የዝናብ ውሃ ነው። እኛን ያመጣን ድንጋዩ ቀልጦ ሳለ በውስጡ ሟምቶ የነበረው ነው።

ቱሉ ዲምቱን (በኦሮምኛ «ቀይ ኮረብታ») ካለፍን በኋላ ያየናቸው ጉብታዎች እሳተ ገሞራ የተፋው ፍርፋሪ ክምር ናቸው። ሠራተኛው ሬዳሽ ይለዋል፤ ብሎኬት ይሠራበታል፣ መንገድ ይሞላበታል። ይህ የስምጥ ሸለቆ ባዛልት ነው፤ መሬት በሚለያይበት ቦታ የወጣ። በጃፓን፣ በኢንዶኔዥያና በአንዲስ ግን አንዱ የመሬት ቅርፊት ንጣፍ በሌላው ሥር ይሰምጣል፤ እሳተ ገሞራዎቹም በቅስት ይደረደራሉ። እኛም ጋ በትግራይና በወለጋ የቅስት አለት አለ፤ ግን ከ600 ሚሊዮን ዓመት በላይ የቆየና ሙቀትና ግፊት መልኩን የለወጠው ነው። ለማነጻጸሪያ ያልተለወጠው የዱከም ድንጋይ ይሻላል።

የቅስት ባዛልትን የሚወልደው የሙቀት መጨመር ሳይሆን ውሃ ነው። በ100 ኪሎ ሜትር ጥልቀት ደረቅ ማንትል (ከመሬት ቅርፊት ሥር ያለው አለት) መቅለጥ የሚጀምረው ወደ 1450 ዲግሪ ሲደርስ ነው። የሚሰምጠው ንጣፍ በማዕድናቱ ውስጥ ይዞት የወረደውን ውሃ ሲለቅበት ግን 1000 ዲግሪም ይበቃዋል። ውሃው ባሪየም፣ ስትሮንሺየምና እርሳስ ተሸክሞ ይወጣል፤ ኒዮቢየምን እዚያው ይተወዋል። የቅስት ባዛልት በኒዮቢየም ድህነቱ የሚታወቀው ለዚህ ነው። በቅስት ባዛልት ማግማ (የቀለጠ ድንጋይ) ውስጥ ያለው ውሃ ከ2 እስከ 6 በመቶ ሲሆን በአብዛኛው ወደ 4 ይጠጋል፤ በውቅያኖስ ወለል ሸንተረሮች የሚወጣው ባዛልት ግን ብዙውን ጊዜ ከግማሽ በመቶ አይዘልም።

ከጉብታው ግርጌ ያለውን ጥቁር አለት በማርቴሎ ፈልጠን በ10 እጥፍ ሌንስ አየነው። ኦሊቪን የተባለው ማዕድን የአረንጓዴ ጠርሙስ ስባሪ ይመስላል፤ አጠገቡ ቀጫጭን ነጫጭ ዘንጎች አሉ፣ ፕላጆክሌዝ የተባለው ማዕድን ናቸው። ጥያቄው ማን ቀድሞ ረጋ (ከቀለጠው ወጥቶ ክሪስታል ሆነ) የሚለው ነው። ፕላጆክሌዝ ለመርጋት የሲሊከንና የአሉሚኒየም ሰንሰለት እርስ በርሱ ተያይዞ መረብ እንዲሆንለት ይፈልጋል፤ ውሃ ደግሞ ይህን መረብ ይበጥሳል። ኦሊቪን መረብ ስለማያስፈልገው ብዙም አይጎዳም። ስለዚህ ከ4 እስከ 6 በመቶ ውሃ ባለበት ማግማ ፕላጆክሌዝ የሚረጋበት ሙቀት ከ100 ዲግሪ በላይ ይወርዳል። ፕላጆክሌዙ እስኪረጋ ድረስ አሉሚኒየሙ በማግማው ውስጥ ይከማቻል፤ የአሉሚኒየም ኦክሳይዱ መጠን 17 በመቶና ከዚያ በላይ የሚሆነውም በዚህ ነው። ዘግይቶ የሚመጣው ፕላጆክሌዝ በካልሲየም እጅግ የበለጸገ ነው። ማግማው ሽቅብ ሲወጣ ግፊቱ ይቀንሳል፣ ውሃው አረፋ ሆኖ ያመልጣል፤ ያኔ ፕላጆክሌዙ ማግማው ሳይቀዘቅዝ እንኳ ባንዴ ይረጋል፤ ማግማውም ይወፍራል።

ፕላጆክሌዝ ስለዘገየ ብቻ ግን «እርጥብ ነበር» ማለት አይቻልም። ከፍተኛ ግፊትም ያዘገየዋል። የፕላጆክሌዙን የካልሲየም መጠን ሳይለኩ መፍረድ የተለመደ ስህተት ነው።

የውሃውን ልክ የሚነግረን ኦሊቪን ሲያድግ በሆዱ የዘጋበት የማግማ ጠብታ ነው። ለዚህ የሬዳሹን ግድግዳ ግማሽ ሜትር ያህል ቆፍረን ከሽምብራ እስከ ባቄላ የሚያክለውን 3 ኪሎ ወሰድን። ትልልቁን ተውነው፤ ሙቀቱን ስለሚያቆይ የውሃው ሃይድሮጂን በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ ከኦሊቪኑ አፈትልኮ ይወጣል፣ የሚለካውም ከነበረው ያንሳል። ቤተ ሙከራ ሲገባ ይሰበራል፤ በ1 ሚሊ ሜትር ወንፊት አልፎ በግማሽ ሚሊ ሜትሩ ላይ የቀረው ይወሰዳል፤ በማይክሮስኮፕ ሥር ዝገት ያልነካው ኦሊቪን ይለቀማል። ጠብታው ከ30 እስከ 100 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ) የሚሆን፣ መስታወት የመሰለና ያልተሰነጠቀ መሆን አለበት።

አንዳንዱ ዱቄቱን 1000 ዲግሪ አግሎ የጎደለውን ክብደት «ውሃ» ብሎ ይመዘግባል። በሬዳሽ ላይ ይህ ዋጋ የለውም፤ የሚተንነው ዝናብ የፈጠረው ሸክላ ነው፤ ብረቱ ደግሞ ኦክስጅን ስቦ ክብደት ይጨምራል። በአረፋ ቀዳዳዎች ውስጥ ያለው ነጭ ሙሌትም ኋላ የመጣ ስለሆነ በመሮ ይፈለፈላል።

ቀዩንና ጥቁሩን በየከረጢቱ ለየብቻ አሰርን፤ አንድ ላይ ከተጫኑ የሬዳሹ አቧራ በጥቁሩ ቀዳዳ ገብቶ አይለቅም።