ወደ ጫንጮ፣ ከቢጫው መብራት ጋር

ሰሜን ሆቴልን አልፈን አዲሱ ገበያ ስንደርስ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ነበር። የጥቅምት ብርድ ገና አልለቀቀም። እናቴ ጋቢዋን ተከናንባ ከኋላ ተቀምጣለች፤ ለታናሽ እህቷ የጋገረችውን ድፎ ዳቦ በጨርቅ ጠቅልላ ጭኗ ላይ ይዛዋለች። አጠገቤ ያለው የእህቴ ልጅ ዓይኑን ከስልኩ ላይ ሳይነቅል ቁጥር ያነብልኛል። ዳሽቦርዱ ላይ የሞተር ቅርጽ ያለው ቢጫ መብራት በርቷል።

መንገዳችን በጎጃም በር ወጥተን፣ የእንጦጦን ትከሻ ተሻግረን፣ በሱሉልታ በኩል ጫንጮ ነው። ከአዲስ አበባ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። አክስቴ ታማለችና መጠየቅ ነበረባት። መኪናዬ ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ አላስተኛኝም። ሜዳ ላይ ምንም የለበትም። ዳገት ላይ በሁለተኛ ማርሽ ነዳጅ ስሰጠው፣ ሁልጊዜ ሳይሆን አንዳንድ ጊዜ፣ ትንፋሹ እጥር ይላል። መርገጫውን ብጫነውም አይታዘዘኝም፤ ሁለት ሦስት ሴኮንድ እንዲህ ቆይቶ ምንም እንዳልተፈጠረ ይቀጥላል። በዚያ ዳገት ላይ ሁለት ሴኮንድ ቀላል አይደለም። ወደ ደርባና ወደ ሙገር ሲሚንቶ ሊጭኑ ባዶአቸውን የሚወጡ ከባድ መኪኖች ከኋላ ተጠግተው ይመጣሉ፤ ባዶ ስለሆኑም ፈጣን ናቸው።

እናቴን ይዤ ለመውጣት የደፈርኩት መብራቱ ብልጭ ድርግም ስለማይል ነው። ይህን ልዩነት እያንዳንዱ አሽከርካሪ ቢያውቀው ደስ ይለኛል። ጸንቶ የሚበራ መብራት «በቅርቡ አስመርምረኝ» ይላል። ብልጭ ድርግም ሲል ግን ሳይቃጠል የወጣ ቤንዚን ወደ ጭስ ማውጫው እየገባ ነው፤ እዚያ ያለውን የጭስ ማጣሪያ አግሎ ያበላሸዋል። ያኔ ነዳጅ ቀንሶ ዳር ይዞ መቆም ነው እንጂ ጉዞ የለም።

ከተማ ውስጥ ያሳየሁት ጋራዥ በመጀመሪያ «የከፍታው ነገር ነው» አለኝ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ ሞተር ሁሉ እዚህ ጉልበቱ ይቀንሳል። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ስስ አየር መጥቶ አይሄድም፤ የሚቀንሰውም ሁልጊዜ ነው። ይህን ስል ባትሪውን ነቅለው መብራቱን አጠፉት፤ በማግሥቱ ተመልሶ ሲበራ ደግሞ በጭሱ ውስጥ የቀረውን ኦክስጅን የሚለካውን ሴንሰር በአዲስ ቀየሩልኝ። መብራቱ አሁንም ተመለሰ። በጣም ያናደደኝ ገንዘቡ አይደለም። የመኪናው ኮምፒውተር ስህተት ሲመዘግብ ያንን ቅጽበት አብሮ ያስቀምጣል፤ ፍጥነቱን፣ የሞተሩን ዙር፣ ሙቀቱን። ባትሪው ሲነቀል ይህ ሁሉ ይጠፋል። ሴንሰሩም ቢሆን ያየውን የተናገረ ምስክር ነበር፤ እኛ ምስክሩን አውጥተን ጣልነው።

ከዚያ በኋላ ኮምፒውተሩ የመዘገበውን ስህተት የሚያሳይ ርካሽ የኮድ ማንበቢያ ገዛሁ። ከመሪው በታች ባለው ባለ 16 ቀዳዳ ሶኬት ይሰካል፤ ያነበበውን ወደ ስልክ ይልካል። ኮዱ ፒ 0171 ነበር፤ ለሞተሩ የሚደርሰው ድብልቅ አየር በዝቶበታል፣ ቤንዚን አንሶታል ማለት ነው። ጥፋቱ ቤንዚኑን የሚያቀጣጥሉት ካንዴላ ወይም ኮይል ቢሆን ኖሮ አብዛኛውን ጊዜ ከ0300 ጀምሮ ያሉት ኮዶች ናቸው የሚመጡት፤ ከ0301 እስከ 0304 ያሉት የትኛው ሲሊንደር ማቀጣጠል እንደሳተ ጭምር ይናገራሉ። የተቀመጠው ቅጽበት ደግሞ 31 ኪሎ ሜትር በሰዓት፣ 2,400 ዙር፣ 88 ዲግሪ ሙቀት ይላል። ሞቆ፣ በሁለተኛ ማርሽ፣ ዳገት ላይ። እኔ ስቸገር የነበረው ያኔ ነው።

የእህቴ ልጅ የሚያነብልኝ ኮምፒውተሩ ድብልቁን ለማስተካከል ቤንዚን ስንት በመቶ እንደሚጨምር ነው። አዲሱ ገበያ መብራት ላይ ቆመን 4 ነበር። ሜዳው ላይ 6። ዳገቱ ጀመረ፤ ባሕር ዛፎቹ ግራና ቀኝ ቀረቡን፤ ሁለተኛ ማርሽ አስገብቼ ረገጥኩ። መኪናው እጥር አለ።

«24!» ብሎ ጮኸ። ከዚያ ደግሞ ቀስ ብሎ፣ «9... 6።»

እናቴ ከኋላ፣ «ልጄ፣ ቁጥሩ ሲበዛ ነው ሲቀንስ ነው ደግ የሚሆነው?» አለች።

«ወደ ዜሮ ሲጠጋ ነው እማዬ።»

እስከ አናቱ ድረስ ይህን ነበር የማሰላስለው። ከስሮትሉ፣ ማለትም አየሩን ከሚከፍተውና ከሚዘጋው በር፣ ወዲያ በሞተሩ በኩል አየር የሚያስገባ ቀዳዳ ቢኖር መኪናው ቆሞ ሞተሩ ሲንተከተክ ነበር ቁጥሩ የሚያድገው። የነዳጅ ፓምፑ ደክሞ ቢሆን ረጅም ዳገት በወጣን ቁጥር እየጨመረ ይሄድ ነበር። የእኛ ግን ከፍ ብሎ ወዲያው ይመለሳል። ሞተሩ ሲጎትት ብቻ የሚከፈት፣ ሲያርፍ የሚዘጋ አንድ ነገር አለ።

ሱሉልታ መግቢያ ላይ በቆርቆሮ የታጠረች አንዲት ጋራዥ አለች። መካኒኩ ወጣት ነው፤ እናቴ በኦሮምኛ ሰላም ስትለው ፊቱ በራ። ኮፈኑን ከመክፈቱ በፊት ጠየቀኝ፤ በስንተኛ ማርሽ ነው? ሲሞቅ ነው ሲቀዘቅዝ? ቁጥሮቹን ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀና፣ «እርስዎ ይግቡና ሞተሩን ያስነሱ። የእጅ ፍሬን ይያዙ፣ የእግሩንም ይርገጡ፣ አንደኛ ማርሽ አስገብተው ፍሪሲዮኑን ጥቂት ብቻ ይልቀቁ» አለኝ። እርሱ ከመኪናው ጎን ቆመ እንጂ ከፊት አልቆመም። ሞተሩ ሊጎትት ሲል ከመቀመጫው ተነሥቶ ወደ ኋላ ጋደል አለ። «በቃ፣ ይተዉት» አለ።

ወርጄ አየሁ። ከአየር ማጣሪያው ወደ ሞተሩ የሚሄደው ወፍራም የጎማ ቱቦ እንደ አኮርዲዮን የተጣጠፈ ነው። ከእጥፋቶቹ አንዱ ሥር፣ ከታች በኩል፣ የአንድ የጣት አንጓ ርዝመት ያለው መስመር አለ፤ ሞተሩ ጸጥ ሲል አቧራ የተጋደመበት ፀጉር ይመስላል። መካኒኩ ሞተሩን በእጁ ገፋ ሲያደርገው መስመሩ አፉን ከፈተ፤ አውራ ጥፍሩን አስገባበት። አየሩን የሚለካው ሴንሰር ከዚህ ስንጥቅ በፊት፣ ማጣሪያው አጠገብ ነው። በስንጥቁ የሚገባውን አየር አይቆጥረውም፤ ስለዚህ ኮምፒውተሩ ቤንዚኑን በጎደለ ሂሳብ ይረጫል።

እኔ እዚህ ላይ ነገሩ አለቀ ብዬ ነበር። እርሱ ግን ረጅም ብረት ይዞ ከመኪናው ሥር ገባ። ሞተሩን ከአካሉ ጋር የሚያያይዘው የጎማ ትራስ ተቀዶ ነበር። «ቱቦውን የቀደደው ይኼ ነው። ቱቦውን ብቻ ቢቀይሩ አዲሱም አይቆይም» አለኝ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ማንም ያላለኝ ቃል ነው።

ስንጥቁን አጥቦ አደረቀው፤ ከብስክሌት የውስጥ ጎማ የቆረጠውን ጠቅልሎ በሁለት የቱቦ ማሰሪያ አጠበቀው። ለጊዜው መሆኑን ደጋግሞ ነገረኝ። እናቴ የአክስቴን ድፎ ዳቦ ከዳሩ ቆርሳ ሰጠችው፤ እርሱም እጁን በጨርቅ ጠርጎ በሁለት እጁ ተቀበላት።

ከሱሉልታ እስከ ጫንጮ ያለው ሜዳ በጥቅምት እጅግ ያምራል። ሣሩ ታጭዶ ድርቆሹ ተከምሯል፤ በመንገዱ ዳር አትሌቶች በቡድን እየሮጡ ያልፋሉ፤ ያ ስስ አየር ለእነርሱ ሀብት ነው። የአክስቴ ትኩሳት በርዶላት ደጅ ፀሐይ ስትሞቅ አገኘናት።

ማታ ስንመለስ ሲሚንቶ የጫነ መኪና ከፊታችን እያቃሰተ ይወጣ ነበር። ለማለፍ ሁለተኛ አስገብቼ ረገጥኩ፤ የእህቴ ልጅ «7» አለ። አለፍነው።

«ታዲያ መብራቱ ለምን አልጠፋም?» አለች እናቴ።

ኮምፒውተሩ አንድ ጊዜ አይቶ አያምንም። በአብዛኛው ስህተቱን በመዘገበበት ዓይነት ሁኔታ ሦስት ጊዜ ተነድቶ ደኅና መሆኑን ማየት አለበት፤ ሜዳ ለሜዳ ብመላለስ አይበቃውም። በሳምንቱ ከሶማሌ ተራ ቱቦውንና ትራሱን ገዝቼ አስቀየርኩ፤ ባትሪውን ማንም እንዳይነካው ለመንኩ። ከዚያም በጠዋት ወደ እንጦጦ ትከሻ ወጣሁ፤ በማግሥቱም፣ በሠልስቱም። በአራተኛው ቀን ቁልፉን ሳዞር ቢጫው መብራት ከሌሎቹ ጋር በራ፤ ሞተሩ ሲነሣም ከሌሎቹ ጋር ጠፋ።