አንድ እጅ ጨምርልን

የእግዚአብሔር ስም የተመሰገነ ይሁን። ያደረገልኝን ልናገር።

የምንተዳደረው በግ በማርባት ነው። በጎቹ 5 ወር ያህል አርግዘው ተራ በተራ መውለድ ሲጀምሩ ሌሊትና ቀኑ ይደባለቅብናል፤ እራት ይረሳል፣ ልብሱን ሳያወልቅ የሚተኛው ብዙ ነው። ባለፈው የመውለጃ ወቅት ግን እኔ ወደ ጋጣው እንዳልገባ ተከልክዬ ነበር። ነፍሰ ጡር ነበርኩ፤ ከዚያ በፊት ደግሞ አንድ ፅንስ ወርዶብኛል። የምትወልድ በግ፣ የእንግዴ ልጇና አዲስ የተወለደ ግልገል ፅንስ የሚያስወርድ ተሕዋስ ሊያስተላልፉ እንደሚችሉ ሐኪሜ አስጠንቅቃኛለች። ባለቤቴ እንኳ የሥራ ልብሱን ውጭ አውልቆ፣ ታጥቦ ነበር የሚገባው።

ሥራው ሁሉ በእርሱ ላይ ወደቀ። እኔ በመስኮት የጋጣውን መብራት እያየሁ፣ በኢሳይያስ 40፥11 እረኛው የሚያጠቡትን በቀስታ እንደሚመራ የተጻፈውን ይዤ፣ «ጌታ ሆይ፣ አንድ እጅ ጨምርልን» እያልኩ እለምን ነበር። በልቤ ያለው ጎረቤት ወይም ቅጥር ሠራተኛ ነው። ለእግዚአብሔር ከየት እንደሚያመጣው ጭምር መንገር ልማዴ ነው።

አንድ ሌሊት ባለቤቴ ደጅ ቆሞ ተጣራ። መንታ ያረገዘች በግ ምጥ ጠንቶባታል። ግልገል በደህና ሲመጣ ሁለቱ የፊት እግሮቹ ይቀድማሉ፣ አፍንጫው በላያቸው ያርፋል። የዚህኛው ግን እግሮቹ ብቅ ብለው አንገቱ ወደ ኋላ ታጥፏል። እንደዚያው ቢጎተት እናትም ልጅም ሊሞቱ ይችላሉ። የባለቤቴ እጅ ትልቅ ስለሆነ አልገባ አለው። የእንስሳት ሐኪሙ ሩቅ ነበር። ተንበርክኬ አለቀስኩ፤ ያለቀስኩትም ስለ በጊቱ ብቻ አልነበረም።

ይኼኔ የ12 ዓመት ልጃችን ከመኝታዋ ተነሥታ መጣች። ደም ስታይ የምትሸሽ ልጅ ናት። «አባዬ፣ የእኔ እጅ እኮ ትንሽ ነው» አለችው።

ቀሪውን የነገረኝ ባለቤቴ ነው። ጓንት አጥልቃ፣ ማለስለሻ ተቀብታ፣ እርሱ በቃል እየመራት እጇን አስገባች። ምጡ ሲገፋ ዝም ትላለች፤ ፋታ ሲሰጥ ግልገሉን ትንሽ ወደ ውስጥ ትመልሰዋለች። ጥርሱ ማኅፀኗን እንዳይቀድ አፉን በመዳፏ ሸፍና ራሱን አቀናችው። ወጣ፤ ግን አይተነፍስም። አፍንጫውን ጠርጋ ጎኑን በጭድ ስታሸው አስነጠሰ። ሁለተኛው ያለ ማንም እርዳታ ተከተለ። በሽታ የሚከላከልላቸው እንገሩ ነውና ሳይውሉ ሳያድሩ ጡት አስያዟቸው።

«እማዬ፣ ሁለቱም ቆሙ!» የሚለው ጩኸቷ እስከ መኝታ ቤት ተሰማ። አሜን ብዬ ጮኽኩላት።

ወቅቱ እስኪያልቅ ከአባቷ አልተለየችም። ወንድሟም በጊዜው በደህና ተወለደ። የእርሱን ዳይፐር ለመቀየር ግን እስከ ዛሬ አፍንጫዋን ይዛ ትሸሻለች፤ ስለዚህኛው ገና እየጸለይኩ ነው።