ዳገት ላይ ብቻ ሚስ የሚያደርግ ሞተር

ሁልጊዜ ሚስ የሚያደርግ፣ ማለትም አንዱ ሲሊንደሩ ቤንዚኑን ሳያቃጥል የሚዘል ሞተር ብዙም አያስጨንቅም። ጋራዥ ይገባል፣ ይታያል፣ ይሠራል። የሚያስቸግረው አንዳንዴ ብቻ የሚያመው ነው። መካኒኩ ጋ ስትደርሱ ጤነኛ ይሆናል። ወይ «ምንም የለውም» ተብላችሁ ትመለሳላችሁ፣ ወይ በግምት ዕቃ ይቀየርላችኋል።

የእኔ መኪና ቆየት ያለች ያሪስ ናት። ሞተሯ 1.5 ሊትር፣ አራት ሲሊንደር። ጠዋት ስትነሳ ድምጿ ልክ ነው፤ ሚኒሞ ላይም (ነዳጅ ሳይረገጥ) አትንቀጠቀጥም። ከለገሃር በቸርችል ጎዳና ወደ ፒያሳ ስወጣ ግን ነገሩ ይለወጣል። ፖስታ ቤቱን አልፌ ዳገቱ ሲጠነክር መንዘፍዘፍ ትጀምራለች፣ ጉልበት ታጣለች፣ የቼክ ኢንጂን መብራቱም ብልጭ ድርግም ይላል። ማዘጋጃ ቤት ደርሼ መንገዱ ሲስተካከል ይተዋታል።

ይህን መብራት አትናቁት። በርቶ የሚቆይ መብራት «ጊዜ ስታገኝ አሳየኝ» ማለቱ ነው። ብልጭ ድርግም ካለ ግን ያልተቃጠለ ቤንዚን ወደ ጭስ መስመሩ እየሄደ ነው። እዚያ ያለውን ጭስ የሚያጣራ ካታሊቲክ ኮንቨርተር ከመጠን በላይ አግሎ ያበላሸዋል። የእሱ ዋጋ ደግሞ ሞተሩ ውስጥ ብልጭታ ከሚያስነሳው ኮይል ጋር አይወዳደርም። ብልጭታውን ስታዩ እግራችሁን ከነዳጁ አንሱ።

አንድ ጋራዥ «አራቱም ኮይል ይቀየር፣ ቤንዚን የሚረጨው ኢንጀክተሩም ይታጠብ» አለኝ። የታመመው የትኛው እንደሆነ ሳይታወቅ ገንዘብ ማውጣት አልዋጠልኝም። መጀመሪያ ማወቅ የፈለግኩት ለምን ዳገት ላይ ብቻ እንደሚሆን ነው።

ኮይል የባትሪውን 12 ቮልት ወደ አሥር ሺዎች ቮልት ያሳድጋል። ያ ኃይል ሲሊንደሩ ውስጥ እሳት በሚያስነሳው ካንዴላ ጫፍ ያለውን ክፍተት ዘሎ ብልጭታ ይሆናል። ነዳጅ ስትረግጡ ሲሊንደሩ ውስጥ ብዙ አየር ይገባል፤ ሲታመቅ ግፊቱ ይጨምራል። ግፊቱ ሲጨምር ብልጭታው ለመዝለል የበለጠ ቮልት ይፈልጋል። ደካማ ኮይል የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው። ኮይሉን ከካንዴላው የሚያገናኘው ላስቲክ የተሰነጠቀ ከሆነ ደግሞ ኤሌክትሪኩ የቀለለውን መንገድ መርጦ ወደ ሞተሩ ብረት ያመልጣል። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ይበልጣል። አየሩ ስስ ነው፤ ትንሽ ሞተር ዳገት የሚወጣው በደንብ ተረግጦ ነው። አየር ሊገባበት በማይገባ ቀዳዳ አየር የሚስብ ሞተር ግን ግልባጩን ያሳያል። ሚኒሞ ላይ ይረብሻል፣ ሲረገጥ ይሻለዋል። ይህች ልዩነት ብቻዋን ብዙ ጥርጣሬ ታስወግዳለች።

የመኪናውን የብልሽት ኮድ የሚያነብ፣ ከስልክ ጋር በብሉቱዝ የሚገናኝ ትንሽ ስካነር ሰካሁ። የወጣው ኮድ ፒ0302 ነበር። የመጨረሻው ቁጥር የሲሊንደሩ ነው፤ አንድ የሚባለው በዚህ ሞተር ቺንጊያው ባለበት በኩል ያለው ነው። ብዙ ሰው ይህን አይቶ ወዲያው ኮይል ሊገዛ ይሮጣል። ኮዱ ግን ያለው «ሁለተኛው ሲሊንደር አልተቃጠለም» ብቻ ነው። ካንዴላው፣ ኢንጀክተሩ፣ ኮምፕረሽኑም (የሲሊንደሩ እመቃ) ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ሞተሩን አጥፍቼ በቁጥር 10 ቁልፍ ሁለተኛውን ኮይል ፈታሁና ከሦስተኛው ጋር አቀያየርኩት። ካንዴላዎቹን አልነካሁም። አብሬ ብለውጣቸው ኖሮ የቱ እንደሆነ አላውቅም ነበር። ኮዱን አጥፍቼ፣ ሞተሩን በደንብ አሙቄ፣ ያንኑ ዳገት ወጣሁ። ሙቀቱ ወሳኝ ነው። ኮይል ሲግል ውስጡ ያለው ስንጥቅ ይከፈታል፣ ሲቀዘቅዝ ይገጥማል። ቆሞ የቀዘቀዘ መኪና ላይ ምንም የማይገኘው ለዚህ ነው። እንደገና ስካነሩን ሳየው ፒ0303 ይላል። ችግሩ ኮይሉን ተከትሎ ሄዷል።

«በሞልቲሜትር ለምን አትለካውም?» ያሉኝ ነበሩ። የእኔ ኮይሎች ባለ አራት ሽቦ ናቸው፤ ኮይሉን የሚያበራና የሚያጠፋው ኢግናይተር ውስጣቸው ነው። በኦም መለካት አያስተማምንም። ቢለካም ቀዝቃዛውን ኮይል ነው የምትለኩት።

እዚህ ላይ ማቆም ይቻል ነበር፤ ግን ኮይሉ ለምን ሞተ? የሁለተኛውን ሲሊንደር ካንዴላ ሳወጣ ጉድጓዱ ዘይት አቁሯል። የኮይሉ ላስቲክ አብጦ ለስልሷል። በካንዴላው ነጭ ሸክላ ላይ ቀጭን ጥቁር መስመር አለ፤ ብልጭታው ያመለጠበት መንገድ ነው። ክፍተቱም ከ1.1 ሚሊሜትር በላይ ሰፍቷል። ክፍተት ሲሰፋ ኮይሉ ከአቅሙ በላይ ይለፋል። ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ለሚሠሩ አንድ አባት መካኒክ አሳየኋቸው። «ልጄ፣ ዘይቱን ሳታስቆም አዲስ ኮይል ብትገጥም ይመለስብሃል» አሉኝ። ትክክል ናቸው። ዘይቱን የሚያግዱትን የቴስታታውን (የሞተሩን የላይኛ ክፍል) ክዳን ጎሚኒዎች ቀየርን፣ አራቱንም ካንዴላ ቀየርን፣ ኮይል ግን አንድ ብቻ።

ኮይሉን ሶማሌ ተራ ነው የገዛሁት። አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ፤ ቁጥሩንም ሶኬቱንም አስተያዩ። ዴንሶ የሚል የአምራች ስም ስላለበት ብቻ ኦሪጅናል ነው ማለት አይደለም፤ ፎርጂዱም እንደዚያው ይጻፍበታል። እኔ ከአዲስ ፎርጂድ ሰልባጅ ኦሪጅናል እመርጣለሁ። ሻጩን «ወንድሜ፣ ካልሠራ እመልሰዋለሁ?» ብዬ ጠይቄው «የኤሌክትሪክ ዕቃ አይመለስም» አለኝ። ሳይረጋገጥ ዕቃ መግዛት የማያዋጣውም ለዚህ ነው። የገዛሁትን ገጥሜ ሞተሩ እንደጋለ ቸርችልን ስወጣ ኮዱ አልተመለሰም።

አንድ ልማድ ግን ቢቀር ደስ ይለኛል። ሞተሩ እየሠራ ኮይሉን ከካንዴላው ነቅለው ብልጭታ የሚያዩ አሉ። ያ ሁሉ ቮልት መውጫ ሲያጣ ወይ ኢግናይተሩን ያቃጥላል፣ ወይ በእጃችሁ በኩል ይወጣል። የማይሠራውን ሲሊንደር ለመለየት የኢንጀክተሩን ሶኬት መንቀል ይበቃል። ሲነቀል የሞተሩ ድምፅ ካልተለወጠ፣ ድሮም የማይሠራው ያ ነው። ብልጭታው ቦታው ላይ ይቆያል፣ ቤንዚኑም ወደ ካታሊቲኩ አይሄድም።